ለወንጀለኛው ቀለብ፣ ለተጎጂው ምን?

ማጅራት መቺ ገርጂ ላይ ከሥራ የሚመለስ ሰው በምሽት ወግቶ ዘረፈ እንበል። ሌባው ቢያዝ መንግሥት አስሮ ይቀልበዋል፣ አቅም ከሌለው ጠበቃ ያቆምለታል። ይሁን፣ ሰው ነውና መብቱ ነው። የተወጋውስ? መታከሚያውን ከኪሱ ይከፍላል፣ ሥራ ፈትቶ ቤቱ ይተኛል፣ ሲሻለው ደግሞ ለምስክርነት ቦሌ ምድብ ችሎት ይመላለሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው!

«ካሳ ይጠይቅ» የሚል አይጠፋም። ከማን? የሰው ሞባይል ነጥቆ ከሚያድረው? እንዲህ ያለው ፍርድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የሚገርመው ሕጉ ይህን ማሰቡ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 102፣ ወንጀለኛው ካሳውን አይከፍልም ተብሎ ሲያሰጋ፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ንብረት ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ለተበዳዩ እንዲሰጥ ሊያዝ ይችላል ይላል። የንጉሡ ዘመን የ1949ኙ ሕግም ይህን መሰል ድንጋጌ ነበረው። ለመሆኑ ከመቀጮ ተከፍሎት የተካሰ ሰው የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? መቀጮው ወደ ካዝና፣ ተበዳዩ ወደ ቤቱ!

«አገሩ ድሃ ነው» እንዳይሉን ደግሞ የመኪናውን አደጋ እንይ። ቦሌ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶ ቢያመልጥ፣ ባለቤቱ ባይታወቅም ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል፤ የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ይመሰክራል። ለሰው ንግድ ተጎጂዎችም በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909 ፈንድ ደንግጓል። ታዲያ ጎማ የጨፈለቀው ሲካስ፣ ቢላዋ የወጋው ዕዳው የራሱ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ባሏ ደብድቦ ያባረራትስ? መጠለያ ብታገኝ እንኳ በአብዛኛው የምትጠለለው በለጋሾች ገንዘብ በሚተዳደር የበጎ አድራጎት ቤት ነው። ለጋሹ እጁን ሲሰበስብ በሩ ይዘጋል።

ኒው ዚላንድ ለወንጀል ተጎጂዎች የመንግሥት ካሳ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አሜሪካ በ1984 ያቋቋመችው ፈንድም የሚሞላው በዋነኛነት ከወንጀለኞች መቀጮ እንጂ ከግብር ከፋዩ ኪስ አይደለም።

እኛም የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ፍርድ ቤት ከሚሰበስበው መቀጮ የተወሰነው እጅ ለተጎጂዎች ይመደብ። ማመልከቻው እዚያው ፖሊስ ጣቢያ ይሞላ። ሕክምናው ፍርድ አይጠብቅ። ሒሳቡም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ያለዚያ ፈንዱ ራሱ ሌላ ሌባ ያሰባል።

መንግሥት ዜጋውን ከማጅራት መቺ መጠበቅ ቢያቅተው፣ ቁስሉን ማሳከም ግን ሊያቅተው አይገባም!