አብራሪ ጠፋ ወይስ አያያዝ?

የአዘዞ ልጅ አውሮፕላን ስትመጣ ቀና ሳይል በድምጿ ያውቃታል። እኛ ጎንደሮች ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር የምንተዋወቀው እንግዳ በመቀበልና በመሸኘት ነው። ሰሞኑን ከዳባት መጥቶ እዚህ የሚማር የጎረቤት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ፓይለት ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» አለኝ። ትምህርት፣ ጤና፣ እንግሊዝኛ… እያልኩ ቆጥሬ «ውልና ዋስ» ላይ ስደርስ ዝም አለ። አባቱ ገበሬ ነው፤ አዲስ አበባ ዘመድ የላቸውም።

ዓለም ደግሞ አብራሪ ጠፋ እያለ ይጮኻል። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ትንበያ በ20 ዓመት ውስጥ 649 ሺህ አዳዲስ አብራሪዎች ያስፈልጋሉ ብሏል። የኛው አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2035 አውሮፕላኖቹን 271 ለማድረስ አቅዷል፤ በ2023 ዱባይ ላይ ብቻ 31 የቦይንግ አውሮፕላኖች አዟል። መግዛቱስ ይሁን! ማን ያበራቸዋል?

ይህን ስትጠይቁ አንዱ ተነስቶ «ብዙ ሰዓት ያልበረረ አይቀጠር» ይላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ ፈረንጆቹ ጣታቸውን የቀሰሩት በረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ላይ ነበር። የካፒቴኑን 8,122 ሰዓት ግን ስንቱ አነሳው? አምስት ወር ሳይሞላ ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የወደቀው ማክስ ረዳት አብራሪ ከ5,000 ሰዓት በላይ በርሮ ነበር። ምን ጠቀመው? የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ መሬት የሚደፍቀው የቦይንግ ሥርዓት ሰዓት ቆጥሮ አይምርም!

አሜሪካኖቹ ራሳቸው የ1,500 ሰዓት ሕጋቸውን በሥራ ላይ ያዋሉት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መነሻው በ2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው የሞተበት የኮልጋን አደጋ ነበር። ጉዱ ምን መሰላችሁ? የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። አውሮፓ ዛሬም ሁለት መቶ ሰዓት ገደማ የበረረውን፣ በደንብ አሠልጥኖ፣ በቀኝ ወንበር ያስቀምጣል።

የኛም መንገድ ይኸው ነው። በ1938 ዓ.ም. አየር መንገዱ ሲጀምር ያበሩት አሜሪካኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኑ፤ በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛው ተከፈተ። ያኔም ሆነ አሁን አንድም ሰዓት ያልበረረ የአገር ልጅ ገብቶ አብራሪ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም።

ግን «ወንበሩ ይሙላ እንጂ» የሚለውንም አልደግፍም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ አውሮፕላን መውረጃ ሰዓቱን አልፎ፣ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ እንዳለ ቦሌን አልፎ ሄደ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ተብሎ ተዘገበ፤ ድርጅቱም ከሥራ አገዳቸው። መልካም። የሥራ ሰሌዳውን ያወጣውስ ማነው? የደከመ አብራሪ ሺህ ሰዓት ቢቆጥር ያው ሰው ነው!

ለኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወጣት አልጠፋም፤ የጠፋው አያያዙ ነው። ሠልጣኙ የሥልጠናውን ወጪ በአገልግሎት ለመመለስ ፈርሞ፣ ዋስ አስይዞ ይገባል። ካፒቴን ሲሆን ደግሞ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ግብር በማይቆረጥበት ደመወዝ ይጠሩታል። ውሉ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። የሄደውን ለመተካት ካፒቴን ከውጭ በኤጀንሲ፣ በዶላር ይቀጠራል። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ! ለእንግዳው የተገኘው ዶላር ለልጁ ለምን ይጠፋል? ድርጅቱ ባፈሰሰው ገንዘብ መጠን ማስፈረሙ ነውር የለበትም፤ መንግሥታዊም ቢሆን ነጋዴ ነው። ነገር ግን ሰውን በወረቀት አስሮ «አገር ወዳድ ሁን» ማለት አያዋጣም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ውሉና የምርጫው ውጤት ለሕዝብ ይታተም፤ አብራሪው ስንት ሰዓት ሠርቶ ስንት ሰዓት እንዳረፈ ድርጅቱ ያልሆነ ሰው ይቆጣጠር። ፈተናውን ላለፈ የድሃ ልጅም የሰው ዋስ ቀርቶ ወደፊት የሚያገኘው ደመወዝ መያዣ ይሁነው። መመዘኛው ይጥበቅ፣ አንዲት ነጥብ አይቀነስ፤ በሩ ብቻ ከዳባትም የሚታይ ይሁን።

ልጁ ትናንት ደግሞ መጣ። «ዋስ ከየት ይገኛል?» አለኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዘንድሮ ነው የሚወስደው።