ታሪካችንን የጻፈው መቀስ

ጦር ኃይሎች ሆስፒታል አጠገብ ካለች አንዲት ቁርስ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ወጣቶች ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው፣ «ወሎ ሲያልቅ እሳቸው ውሻቸውን ሥጋ ሲያጎርሱ በዓይኔ አይቻለሁ!» ይላል። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይዘልም። አልዋሸም፣ አይቷል። ያየው ግን ተቆርጦ የተቀጠለ ፊልም ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለአገሩ ሰው አሳየ። ዓመት ሳይሞላ ፊልሙ ደርግ እጅ ገባ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በሚረግፈው ሕዝብ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሻምፓኝና የንጉሡ ውሾች ተሰክተውበት። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ረሀቡ ውሸት ነበር የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ወሎ አልቋል፤ መንግሥትም ደብቋል። ጠቤ ከመቀሱ ጋር ነው። ድግሱ መቼ እንደተቀረጸ ያልተነገረው ተመልካች «በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት» ብሎ ይይዘዋል። ጭሰኛው ለባለርስት የሚሰፍረው እህል፣ ወሬውን አፍኖ የተቀመጠው ሹም ለካሜራ አይመቹም። ውሻ ግን ይመቻል። እናም ከዚያ ሁሉ መከራ የቀረን አንድ ሽማግሌና ውሻቸው ሆኑ።

ከጎናችን የሐኪም ቀጠሯቸው እስኪደርስ ሻይ የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ፤ የወሎ ሰው። «ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አሉት። «ንጉሥም ውሻም አላየሁም። እናቴ የዘር እህሉን ስትቆላ ነው ያየሁት።» ልጁ፣ «እሱማ ፊልሙ ላይ የለም ጋሼ» ብሎ መለሰላቸው። እኔም ሻዬ ቀዘቀዘ።

ፊልሙን የቀጠለው መንግሥት ራሱስ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በጥቅምት ወር ያንን ለዓለም ያሳየው የሞሐመድ አሚን ካሜራና ቢቢሲ እንጂ የእኛው ጣቢያ አይደለም። መቀሱ ያኔ የት ሄዶ ነበር?

የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን የዲምብልቢን ፊልም እንዳለ፣ ሳይቀጠል፣ ያሳዩን። ደርግ የቀጠለውንም ለብቻው ያሳዩን። እያንዳንዱ ምስል መቼና የት እንደተቀረጸም ከሥሩ ይጻፍልን።