የጆሮ ጩኸት መድኀኒትና የሚያስከፍለው ዋጋ

የታመመ ሰው ሕመሙን የሚያስታግሥለት መድኀኒት መሻቱ የተፈጥሮ ጠባይ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው መድኀኒቱ የሚሰጠውን ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት ጋራ ሳይመዝኑ መዋጥ ነው። ይህ ምክር ለማናቸውም በሽታ የሚያገለግል ቢሆንም፣ የጆሮ ጩኸት ለያዘው ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ነው። ምክንያቱም ጩኸቱን ፈጽሞ እንደሚያጠፋ በምርምር የተረጋገጠለት አንድም ኪኒን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ጩኸቱን የሚቀሰቅሱ መድኀኒቶች ግን ብዙ ናቸው።

በቋንቋችን አስደንጋጭ ወሬ የሰማ ሰው «ጆሮዬ ጭው አለ» ይላል። ያ ጭውታ ለጥቂት ጊዜ ተሰምቶ የሚያልፍ ነው። ሐኪሞች ቲኒተስ ብለው የሚጠሩት ሕመም ግን፣ ከውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር በጆሮ ወይም በራስ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሰማ ፉጨት፣ ጭውታ ወይም እንደ ፌንጣ ያለ ጩኸት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምት፣ በዓለም ካሉት ዐዋቂዎች 14 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለት ከ740 ሚሊዮን የሚበልጡት፣ ይህ ጩኸት እንደሚሰማቸው ያመለክታል፤ ክፉኛ የሚያሠቃያቸውም ከ120 ሚሊዮን ይበልጣሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህን ሕመም ያልቀመሰ ሰው እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል። ነገር ግን ቀኑን በተማሪዎቹ ድምፅ መካከል ሲያስተምር የሚውል መምህር፣ ማታ መብራቱን አጥፍቶ ጋደም ባለ ጊዜ ጩኸቱ እንዴት እንደሚበረታበት እርሱ ያውቀዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበሳጫል፤ ሐሳቡን ሰብስቦ ለመሥራት ይቸገራል፤ ሲቈይም ትካዜ ያድርበታል። እንዲህ የተጨነቀ ሰው «ይህ መድኀኒት ያድናል» ያለውን ሁሉ ለመሞከር ቢቸኩል አያስደንቅም። ነገር ግን አደጋው የሚመጣው ከዚሁ መቸኰል ነው።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለመመዘን ይረዳል። በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘው ክፍል ውስጥ፣ 15 ሺህ የሚያህሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ሥራቸውም የድምፅን ንዝረት ተቀብለው በነርቭ አማካይነት ወደ አንጐል ማስተላለፍ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በዕርጅና፣ በኀይለኛ ድምፅ ወይም በመርዝ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። አንጐልም ከዚያ በኩል የለመደው መልእክት ሲቀርበት የራሱን መቀበያ ከፍ ያደርጋል፤ ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የሚሰማው ጩኸት ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ጩኸቱ የመስማት ኀይል መጐዳቱን የሚያስታውቅ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም።

አሁን ስለ መድኀኒቶቹ እንነጋገር። በመጀመሪያ ማስተዋል የሚገባን ጩኸቱን የሚያመጡትን ነው። ዛሬ ማናቸውንም ድብልብል ወይም ጠፍጣፋ መድኀኒት «ኪኒን» ብለን የምንጠራበት ስም የመጣው የወባ መድኀኒት ከሆነው ከኪኒን ነው። ይህ ስሙን ለመድኀኒት ሁሉ ያወረሰ መድኀኒት በብዛት ሲወሰድ ጆሮን በማስጮኽና መስማትን በማደብዘዝ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አስፒሪንም ከመጠን ሲያልፍ እንዲሁ ያደርጋል። የሁለቱም ጉዳት መድኀኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ለኩላሊትና ለልብ ሕመምተኞች ሽንት ለማሸናት የሚሰጠው ፉሮሴማይድም፣ ይልቁንም በደም ሥር በብዛትና በፍጥነት ሲሰጥ፣ ጆሮን ሊያውክ ይችላል።

ከእነዚህ የከፉ ደግሞ አሉ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲንና ካናማይሲን የሚባሉት የመርፌ መድኀኒቶች፣ እንዲሁም ለነቀርሳ የሚሰጠው ሲስፕላቲን፣ ከላይ የተናገርንላቸውን ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ፤ የሞተውም ስለማይመለስ ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ካናማይሲን መድኀኒት ለተለማመደ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይመረጥ ሲመክር፣ አንዱ ምክንያት በሕመምተኞች ጆሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነበር። ይሁን እንጂ ይህን አንብቦ በሐኪም የታዘዘለትን መርፌ ወይም ኪኒን በገዛ ሥልጣኑ የሚያቋርጥ ሰው ከሁሉ የከፋ ስሕተት ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ቢቋረጥ ነፍስን ያጠፋል፤ ለቤተ ሰብም ይተላለፋል። ተገቢው ነገር ጆሮው መጮኽ እንደ ጀመረ በዚያው ቀን ለሐኪሙ መንገር ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ኩላሊቱን ሊመረምር ወይም መድኀኒቱን ሊለውጥ ይችላል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ጩኸቱን ያስታግሣሉ ተብለው የተሞከሩትን እንመልከት። በ1914 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው የጆሮ ሐኪም ሮበርት ባራኒ፣ በ1935 ዓ.ም. ማደንዘዣ መድኀኒት በደም ሥር ሲሰጥ የጆሮ ጩኸት ለጊዜው እንደሚቀንስ አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በብዙ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በእርግጥ ጩኸቱን ጋብ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ዕረፍቱ ከደቂቃዎች ወይም ከጥቂት ሰዓታት አያልፍም፤ መድኀኒቱም የልብን አመታት ሊያዛባ ይችላል። ሊቃውንቱ በዚህ ሳይወሰኑ፣ ለልብ ሕመም ይሰጥ የነበረውንና በአፍ የሚዋጠውን የሊዶኬይን ዘመድ፣ ቶኬይናይድን፣ ሞከሩ። እርሱም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የደም ሕዋሳትን የሚያመርተውን መቅኔ የሚያደክምና ሳንባን የሚያጠብቅ ሆነ። ስለዚህ ጩኸት የሚቀንስ መድኀኒት መገኘቱ ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ ከጩኸቱ የባሰ ነገር አለማምጣቱም መታየት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ጋባፔንቲንም ተሞክረዋል። ጥቅማቸው አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም፤ ካርባማዜፒን ግን ራስን ያዞራል፣ ያስተኛል፣ አልፎ አልፎም ጉበትንና ደምን ይጐዳል። ለትካዜ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን አፍን ያደርቃል፤ በሽማግሌዎች ላይ ሽንትን ሊከለክል ይችላል።

ጊንጎ ቢሎባ ስለሚባለው የዛፍ ቅጠል የሚነገረው ደግሞ ብዙ ነው። «ከቅጠል የተሠራ ስለሆነ አይጐዳም» ይባላል፤ በውድ ዋጋም ይሸጣል። በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመው የእንግሊዝ አገር ፈተና ከ1100 የሚበልጡ ሰዎች ተካፈሉ፤ እኩሌቶቹ ጊንጎ፣ እኩሌቶቹ መድኀኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ለ12 ሳምንት ዋጡ። በመጨረሻ ጊንጎ ከወሰዱት 360 ሰዎች 34ቱ ጩኸቱ ቀለለልን ሲሉ፣ አስመሳዩን ከወሰዱት 360 ሰዎች ደግሞ 35ቱ ቀለለልን አሉ። ይህ ምን ያስተምረናል? የጆሮ ጩኸት በራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ሕመም ስለሆነ፣ ሰውም ተስፋ ሲያደርግ ዕረፍት ስለሚሰማው፣ «እኔ ወስጄው አሽሎኛል» የሚል የጎረቤት ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህም ቅጠል ቢሆን ያለ ጉዳት አይደለም፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኀኒት ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ ሊጨምርበት ይችላል።

ለሚዛናችን ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚያረጋጉ መድኀኒቶች ጉዳይ ነው። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ አነስተኛ ፈተና፣ አልፕራዞላም ከወሰዱት 17 ሰዎች 76 በመቶው ጩኸቱ ሲቀንስላቸው፣ አስመሳዩን ከወሰዱት 19 ሰዎች የቀነሰላቸው 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ መድኀኒቱ ተገኘ» ይል ይሆናል። ነገር ግን ፈተናው የጥቂት ሰዎችና የጥቂት ሳምንታት ነበር፤ ጩኸቱ ደግሞ የዓመታት ነው። አልፕራዞላም፣ ዲያዜፓምና ክሎናዜፓም ከሳምንታት በኋላ ሰውነትን ያለማምዳሉ፤ መጠኑ ካልተጨመረ ኀይላቸው ይደክማል፤ በድንገት ሲቋረጡም ጩኸቱን ከፊተኛው አብልጠው ሊያስነሡ፣ እንዲያውም ሰውን ሊያንዘፈዝፉ ይችላሉ። ትዝታን ያደበዝዛሉ፤ ሽማግሌን ያስወድቃሉ፤ ከአልኮል መጠጥ ወይም ከሌላ ከሚያስተኛ መድኀኒት ጋራ ሲደባለቁ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ሌሊት ፀጥታ ለማግኘት ብሎ ቀን ማስተማሪያ አእምሮውን የሚያጣ መምህር ያተረፈው ምንድን ነው?

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲል ይቃወመን ይሆናል፦ «ሥቃዩ የእኔ ነው፤ ገላውም የእኔ ነው፤ መሞከር መብቴ አይደለምን?» ይህ ቃል እውነት አለበትና በንቀት ልናልፈው አይገባም። እኛም መሞከርን አንከለክልም፤ የምንቃወመው ያለ ምርመራ፣ ያለ መጠንና ያለ ገደብ መሞከርን ነው። ትካዜ ወይም ጽኑ የእንቅልፍ እጦት አብሮት ያለበት ሰው ለዚያ ሕመሙ ሐኪም መድኀኒት ቢያዝለት ተገቢ ነው፤ ጩኸቱ ባይጠፋም ሸክሙ ሊቀልለት ይችላል። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የትካዜን፣ የሚጥል በሽታንና የጭንቀትን መድኀኒቶች ለጆሮ ጩኸት ብቻ ሲባል እንደ ልማድ ማዘዝን፣ እንዲሁም ጊንጎን፣ ሜላቶኒንንና ዚንክን መምከርን የተቃወመው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ማናቸውንም ኪኒን ከመዋጡ በፊት ሕመምተኛው አራት ጥያቄዎችን ለሐኪሙ ያቅርብ። አንደኛ፣ የጩኸቴ ምክንያት ተመርምሮ ታውቋልን? ሁለተኛ፣ ይህ መድኀኒት ምን ያህል ሰው እንደ ጠቀመ ከአስመሳይ ኪኒን ጋራ ተፈትኖ ታይቷልን? ሦስተኛ፣ በጉበቴ፣ በኩላሊቴ፣ በእንቅልፌና በሥራዬ ላይ ምን ያደርሳል? ከምወስዳቸው ከሌሎቹ መድኀኒቶች ጋራስ ይስማማልን? አራተኛ፣ ባይጠቅመኝ በስንት ሳምንት፣ እንዴት አድርጌ አቆማለሁ? መልሱንም በደብተር ይጻፍ፤ ጩኸቱ ምን ያህል እንዳስቸገረው ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ በየማታው ይመዝግብ፤ አዲስ የመጣ ሕመም ካለም በአጠገቡ ያስፍር። የትዝታ ምስክርነት ያታልላል፤ በየቀኑ የተጻፈ መዝገብ ግን መድኀኒቱ መርዳቱን ወይም አለመርዳቱን ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ያሳያል።

ከመድኀኒት አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባውም ብዙ ነው። አንዳንዴ ጩኸቱን የሚያመጣው ጆሮውን የደፈነው ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም የሠለጠነ ባለሙያ በቀላሉ ያወጣዋል። በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ ወይም በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት መጐርጐር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የጆሮንም ታንቡር ይበሳል። የመስማት ኀይሉ ለደከመ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ንግግሩን ሲመልስለት ጩኸቱንም ብዙ ጊዜ ያደበዝዝለታል። በመኝታ ጊዜ ራዲዮን ዝቅ አድርጎ መክፈት ዝምታውን ይሰብራል። ሐሳብንና ጠባይን የሚያርቀው የምክር ሕክምና ደግሞ፣ ጩኸቱን ባያጠፋም፣ ጩኸቱ የሚያመጣውን ጭንቀት እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ታይቷል፤ ጉበትንም ሆነ ደምን አይጐዳም።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ የማይሰጣቸው ናቸው። በድንገት መስማት የተሳነው፣ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነበት፣ ከልቡ ትርታ ጋራ እኩል የሚመታበት፣ ወይም ብርቱ የራስ መዞር አብሮ የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። በተለይ ድንገተኛ የመስማት እጦት ሕክምናው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፈ የመዳን ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል።

በመጨረሻም ይህ ጽሑፍ ለሚደርሳቸው መምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የምናሳስበው ይህን ነው። መድኀኒት የሚሸጥላችሁን ሰው ስለ ዋጋው ስትጠይቁ፣ በብር ስለሚከፈለው ብቻ ሳይሆን በገላ ስለሚከፈለውም ጠይቁ። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ የመድኀኒቱን ማስጠንቀቂያ አንብቡለት። ከእናንተ የተረፈውን የሚያረጋጋ ኪኒን ለወዳጅ አታካፍሉ። የጆሮ ጩኸት ከባድ ሸክም ነው፤ ነገር ግን ከሚሰማው ጩኸት ይልቅ ውድ የሆነው፣ ገና ያልተጐዳው የመስማት ኀይላችን ነው። ጩኸቱን ለማባረር ስንል እርሱን እንዳናጣ እንጠንቀቅ።