ባለቀለም ማሾ በችኮላ አይሸጥ

ይድረስ ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ካለፈው ዝናብ ወዲህ የድሮ ዕቃ ገዢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ናቸው። «የተሰበረ ሬዲዮ፣ የድሮ ሳንቲም፣ ፋኖስ አለ?» ይላሉ። የሚፈልጉት ሬዲዮውን እንዳልሆነ ግን ውሎ አድሮ ገብቶናል። ዓይናቸው ሆዱ ባለቀለም መስተዋት የሆነው ማሾ ላይ ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ሁላችንም አያዮ የምንላቸው እናት ከባለቤታቸው የቀረውን ሰማያዊ ማሾ በአንዲት የፀሐይ መብራት ለወጡት። ተደስተው ነበር፣ እኔም ደግ አደረጉ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ያው ዕቃ ድሬዳዋ ሲሸጥ የኛ ልጆች አዩት። የተጠራው ዋጋ ስድስት የፀሐይ መብራት ይገዛል። ይኼን ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዕቃው እኛ ዘንድ መገኘቱ አያስገርምም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ በሽንሌ አልፎ ነው። የባሕር ማዶ ዕቃ በዚሁ መስመር ይወጣ ነበር፤ አባቶቻችንም በባቡሩ ሠርተዋል፣ ነግደዋል።

ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ገዢ ጭራሽ አይግባ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዕቃው የባለቤቱ ነው፤ መድኃኒት መግዣ ያጣን ሰው ማሾ አቅፈህ ተቀመጥ አይባልም። ይሽጥ፤ ግን አይቶ ይሽጥ።

መጀመሪያ ጠርዙን በፀሐይ ማየት ነው። ቀለሙ መስተዋቱ ሲቀልጥ የገባ ከሆነ እስከ ጠርዙ ድረስ ያው ነው፤ ላዩን የተቀባ ከሆነ በጥፍር ሲፍቁት ይነሳል። ከላይ ቀለም፣ ከውስጥ ነጭ ሆኖ የተደረበም አለ፤ ይኼ የተቀባ አይደለምና «ውስጡ ነጭ ነው» ብሎ ዋጋ ለሚያወርድ ገዢ አትሸነፉ። ደማቁን ቀይ ለማውጣት በድሮ ጊዜ ወርቅ ይገባበት ነበር፤ አንዳንዱ ይኼን ሰምቶ ሰብሬ ላቅልጠው ሊል ይችላል፣ ይተወው እባካችሁ፣ ኢምንት ነው። ናሱን በማግኔት ሞክሩት፤ ከያዘው ብረት ነው፣ ላዩን ብቻ ናስ የተለበጠ። ክሩን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ትንሿ መዘውር ላይ ብዙ ጊዜ የሠሪው ስም አለበት፣ አንብቡት። የላዩ ብርጭቆ ድሮም ይሰበር ስለነበር ተለውጦ ቢገኝ አያስደነግጥም፤ የሆዱ ስንጥቅ ግን ዋጋ ይጥላል። በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት፣ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል።

የባቡር ፋኖስ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀይና አረንጓዴ መስተዋት ያለው፣ ለምልክት ይያዝ የነበረው። አረንጓዴው በቀን ሲያዩት ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የጋዝ ነበልባል ቢጫ ስለሆነ ሲበራ አረንጓዴ እንዲመስል ነው እንደዚያ የተሠራው። ገዢዎች በጣም ይወዱታል። እኔ ግን የድርጅቱ ንብረት ይሁን ለአባት የተሰጠ ሳይጣራ ይሸጥ አልልም። ነገ ጠያቂ ሲመጣ ገዢው የለም፣ ያለው ሻጩ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተከልክሏል፤ ጅቡቲ ደግሞ ቅርብ ነው።

ስለዚህ ማሾ ያለው ሰው ዓርብ ከሶላት በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ያምጣ። ሁለት ሦስት ሰው አይቶት ዋጋ ይባል፣ ገዢዎቹም እዚያው ፊት ለፊት ይጫረቱ። ማኅበሩ ኮሚሽን አይወስድም። ጋዙን አፍስሳችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ