የኮምፒዩተር ሳይንስን ትምህርት በተራው ስለ መማር

ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዳችን ሴት ልጁን አስከትሎ ወደ ቤታችን መጣ። ልጅቱ የዩኒቬርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ፈጽማ ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል የተመደበች ናት፤ በእጅዋም የሚቀራት የሦስት ዓመት ትምህርት ከነተራው የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ነበር። አባትዋም ገና ሳይቀመጥ፥ «ወንድሜ፥ ይህች ልጅ ዲስክሪት ማቲማቲክስ የሚባለውን ሒሳብ አሁን ትቼ በሚመጣው ዓመት ልማረው ትላለች። እኔ የወረቀቱን ፊደል እንጂ ነገሩን አላውቀውም። ታላቅ ወንድምዋ የደረሰበትን ግን አንተም ታውቃለህ» አለን።

የወንድምዋን ነገር በእውነት እናውቃለን። ያ ልጅ በሌላ ትምህርት ቤት ሲማር ሳለ ዳታ ስትራክቸር የተባለው ትምህርት ስለ ከበደው ከመካከል አቋርጦ ተወው። ትምህርቱም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እስኪመለስ ድረስ ዓመት ጠበቀ፤ በእርሱም ላይ የተመሠረቱት ሌሎቹ ትምህርቶች አብረው ጠበቁ። መተዉን በፈረመ ጊዜ ከፊርማው በኋላ ምን እንደሚከተል የነገረው ሰው አልነበረም። ጓደኞቹ ካባ ለብሰው ሲመረቁ እርሱ በአዳራሹ በስተኋላ ከእናቱ ጋራ ተቀምጦ አየነው። የተወው የአንድ ትምህርት ክሬዲት ነው፤ የከፈለው ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

እንግዲህ ልጆቻቸውን ወደዚህ ትምህርት ለሚሰዱ ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከልጅቱ ጋራ በወረቀቱ ላይ የሠራነውን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ግን ስለ ትምህርቱ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ በኮምፒዩተር የሚጽፉትን እያየን፥ የኮምፒዩተር ሳይንስም ጣትን ማፍጠን ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ይህ ዕውቀት አንድ ሥራ በምን ተራ፥ በስንት እርምጃ፥ በምንስ ማስረጃ እንደሚፈጸም የሚመረምር ነው። ለብቻው ክፍል ከተሰጠውም ገና ብዙ ዘመን አይደለም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቬርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ያቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ነው። ከዚያም ስድስት ዓመት ቈይቶ በ1968 ኤሲኤም የተባለው የኮምፒዩተር ሊቃውንት ማኅበር የትምህርቱን ተራ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ጽሑፍ መሠረት ተብለው ከተቈጠሩት አራት ትምህርቶች አንዱ ይኸው ልጅቱ ልትተወው የፈለገችው ሒሳብ ነው። ዳታ ስትራክቸርና ኮምፓይለር ከመሠረቶቹ በኋላ በሁለተኛው ደረጃ ተጽፈዋል። ማኅበሩ ከሌሎች ሁለት ማኅበሮች ጋራ ሆኖ በ2023 ባዘጋጀው ጽሑፍ ዕውቀቱ በ17 ክፍል ተከፍሎአል። መሣሪያው ስንት ጊዜ ሲለዋወጥ ሒሳቡ ግን ከመሠረቱ አልተነሣም።

ልጅቱ ይህን ሰምታ፥ «ጋሼ፥ እኔ የገባሁት ፕሮግራም ልጽፍ ነው እንጂ ሒሳብ ላስተምር አይደለም» አለችን። በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብ ያገኘችው ሲ ነበረና ፈርታ ኖሮአል። እኛም በክርክር ከማድከም ይልቅ አንድ ጥያቄ አቀረብንላት። አንድ ሚሊዮን መዝገብ በባለ ጉዳዮቹ ስም በፊደል ተራ ተደርድሮአል እንበል። የአንዱን ሰው መዝገብ ለማግኘት ስንት ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል? ከፊተኛው ጀምሮ አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ዕድሉ ከከፋ 1,000,000 ጊዜ ይመለከታል። ብልህ መዝገብ ቤት ግን ከመካከሉ ይከፍታል። የሚፈልገው ስም ከዚያ በፊት እንደ ሆነ የኋለኛውን እኩሌታ በሙሉ ይተዋል፤ የቀረው 500,000 ነው። ደግሞ ከመካከሉ ይከፍታል፤ የቀረው 250,000 ነው። እንዲህ እያለ ሲሄድ ከ20 ጊዜ በላይ ሳይመለከት መዝገቡን ያገኘዋል፤ ሁለትን ሃያ ጊዜ አባዝተው ቢቈጥሩት 1,048,576 ይሆናልና። መዝገቡ በእጥፍ አድጎ ሁለት ሚሊዮን ቢሆንም የሚጨመረው አንድ መመልከት ብቻ ነው።

ልጅቱ እርሳሱን ከእጃችን ወስዳ ራስዋ ከአንድ ሚሊዮን ጀምራ እያካፈለች ቈጠረች። ሃያ ላይ በደረሰች ጊዜ ቀና ብላ አየችን። ዲስክሪት ማቲማቲክስ ማለት ይህን የመሰለውን ነገር በግምት ሳይሆን በማስረጃ ማሳየት የሚማሩበት ነው። ስለ አመክንዮ፥ ስለ ስብስብ፥ ስለ አቈጣጠር፥ እንዲሁም ከተማና መንገድን በነጥብና በመሥመር አድርጎ ስለሚያሳየው ስለ ግራፍ ያስተምራል። ይህን ያልተማረ ሰው ፕሮግራም አይጽፍም አንልም፤ ይጽፋል። ነገር ግን የጻፈው በመቶ መዝገብ ሠርቶ በሚሊዮን መዝገብ ላይ ሲቆም ምክንያቱን አያውቀውም።

በቅኔ ቤት የዋሉ አንባቢዎቻችን ይህን ያለ ብዙ ቃል ያስተውሉታል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ በዋዜማም አልፎ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል እንጂ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ልቍጠር ቢል የሚሰማው የለም። ልዩነቱ በቅኔ ቤት ተማሪውን የሚይዘው መምህሩ መሆኑ ነው። በዩኒቬርሲቲ ግን ተማሪው ራሱ ፈርሞ ይመዘገባል፤ ፈርሞም ይተዋል።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፥ አንዱ ትምህርት ሌላውን በሚጠብቅበት ስፍራ ሁሉ በእርሳስ መሥመር ሰደድን። ይህ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ጥቂት ይለያያል፤ በልጅቱ ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ሆነ። በፊት ፕሮግራሚንግና ዲስክሪት ማቲማቲክስ ጐን ለጐን ይቆማሉ። ሁለቱን የፈጸመ ዳታ ስትራክቸርን ይማራል። ከዚያ የአልጎሪዝም ምርመራ፥ ከዚያ አውቶማታ የሚሉት፥ በመጨረሻም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልሰው የኮምፓይለር ትምህርት ይመጣል። ይህ ሰንሰለት አምስት ቀለበት አለው። በአገራችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለጋራ ትምህርት ስለ ተለየ፥ ከአራቱ ዓመት ለክፍሉ የሚቀረው ሦስት ዓመት ነው፤ ይኸውም ስድስት ሴሚስተር ነው። ከስድስት አምስት ሲነሣ የሚተርፈው አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ቢያመልጥ ግን የሚወስደው ሁለት ሴሚስተር ነው። አንድ ያለው ሰው ሁለት ከየት ያመጣል? ወንድምዋ የወደቀበት ጕድጓድ ይህ ነበረ።

ዳታቤዝ፥ ኔትዎርክና ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተባሉትም የየራሳቸው ሰንሰለት አላቸው፤ ነገር ግን አጫጭር ናቸው። የሚያስፈራው ረጅሙ ነው። ስለዚህ የትምህርትን ተራ የሚያዘጋጅ ሰው ከመጨረሻው ዓመት ጀምሮ ወደ ኋላ እየቈጠረ ረጅሙን ሰንሰለት ያግኝ፤ ራሱንም በመጀመሪያው ሴሚስተር ይያዝ።

ይህን ስንል ልጅቱ ከብዶኛል ማልዋ ሐሰት ነበር አንልም። ክሬዲቱን ብንደምረው 19 ሆነ። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ያስፈልገዋል በሚለው ልማድ ብንቈጥረው በሳምንት 57 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም የላቦራቶሪው ሰዓት ሳይጨመር ነው። ይህን የሚሸከም ተማሪ አለ፤ ሁሉም ግን አይችለውም። ወላጅም ልጁ ሲደክም ስንፍና ነው ከማለቱ በፊት ይህን ድምር ቢያይ መልካም ነው። ሸክሙ መቅለል ይገባዋል፤ ጥያቄው የትኛው ይውረድ የሚለው ነው። ወረቀቱን ስንመረምር፥ በመጀመሪያው ዓመት ታማ ያልፈጸመችው የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ትምህርት በሦስት ክሬዲት ተጽፎ አገኘነው። ይህ ትምህርት ክቡር ነው፤ ነገር ግን በስተኋላው የሚጠብቀው ትምህርት የለም፤ በዚያም ትምህርት ቤት በክረምት ይሰጣል። እርሱ ቢነሣ የሚቀረው 16 ክሬዲት፥ በሳምንትም 48 ሰዓት ነው። ልጅቱ ከሁሉ የሚከብደውን ለመተው ስታስብ፥ መተው የሚቻለው ከሁሉ የሚቀለው ኖሮአል።

አባትዋ ደግሞ በዜና የሚሰማውን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ለምን በፊት አትማርም ብሎ ጠየቀን። መልሳችን አጭር ነበር። እርሱም ፕሮባቢሊቲንና ሊኒየር አልጀብራን ይጠብቃል፤ በወረቀቱም ላይ በስፍራው ተጽፎአል። የበለጠ ልናሳስበው የወደድነው ግን የመውጫውን ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ዲግሪ ለመቀበል ከመቶ 50 ማግኘት ግድ ሆኖአል። ፈተናው በሁለተኛው ዓመት የተማሩትን ፕሮግራሚንግ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ መልሶ ይጠይቃል፤ የመመረቂያውም ሥራ በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት ከባድ ትምህርት ማከማቸት አይገባም፤ ወደ ኋላ የተገፋ ትምህርት ሁሉ ደግሞ የሚከማቸው እዚያው ነው።

ትምህርት የመለወጫው ጊዜ የሚያበቃው ዓርብ ነበር። ቀነ ቀጠሮ ምን እንደ ሆነ በፍርድ ቤት ስላየን፥ እስከ ዓርብ አትቈዩ ብለን ረቡዕ ጧት አባትና ልጅ አብረው ወደ ሬጅስትራሩ ሄዱ። ጂኦግራፊው ወደ ክረምት ተላለፈ፤ ሒሳቡ በስፍራው ቀረ።

ታላቅ ወንድምዋ አሁን ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ይዞአል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ብንሄድ እኅቱን በጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጦ ሒሳቡን ሲያስረዳት አገኘናቸው። በፊታቸውም ያ በእርሳስ የተሠመረው ወረቀት ነበረ፤ ዳታ ስትራክቸር የሚለውን ቃል ወንድምዋ በቀይ ቀለም ከብቦታል።