የዒድ ቀን ፈተና



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2006 ዒድ አል አድሓ ነበር። በዚያው ቀን የኒውዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግዛት አቀፍ ፈተና ሰጡ። ሙስሊሙ ልጅ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ፤ ወይ ከአባቱ ጋር ዒድ ሶላት መስገድ፣ ወይ መፈተን። ልጅ የምናስተምር ሰዎች ነንና ይህ ምርጫ ለአሥር ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባናል።

በዚያን ጊዜ በከተማዋ ምክር ቤት ውስጥ የነበረው ሙስሊም አንድ ብቻ ነው፤ ሮበርት ጃክሰን። ስለዚህ ሰው ስናወሳ ከወንበሩ በፊት የነበረውን ማስቀደም ይገባል። በሰሜን ማንሃተን የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ ሳለ፣ ግዛቱ ለከተማዋ ልጆች የሚገባቸውን በጀት ነፍጓል በማለት እ.ኤ.አ. በ1993 ከሌሎች ወላጆች ጋር ክስ መሠረተ። ክሱ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2002 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ግዛቱ የስምንተኛ ወይም የዘጠነኛ ክፍል ያህል ትምህርት ከሰጠ ግዴታውን ተወጥቷል የሚል ፍርድ ሰጠ። (ፍርዱን የጻፉት ዳኞች ለገዛ ልጆቻቸው ይህ ይበቃል ይሉ ነበርን?) ጃክሰን ያኔ የምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር፤ ግን ቢሮው አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ ከኒውዮርክ እስከ አልባኒ 240 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ፍርዱ ለልጆቹ ሆነ። ገንዘቡ ግን ወዲያው አልመጣም፤ ግዛቱ ሙሉ በሙሉ ለመክፈል የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው!

ወደ ዒዱ እንመለስ። ከ2006ቱ ፈተና በኋላ የሙስሊም ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሌላ እምነት ሰዎች ሳይቀሩ አንድ ላይ ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ምክር ቤቱ ሁለቱ ዒዶች የትምህርት ቤት በዓል ይሁኑ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ውሳኔው ግን አስገዳጅ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቶቹ በከንቲባው እጅ ናቸውና። ከንቲባ ብሉምበርግ የዕረፍት ቀን ቢበዛ ትምህርት ይጎዳል ብለው እምቢ አሉ። ሕዝቡም አልተበተነም፣ አልተሳደበም፤ ሌላ ከንቲባ እስኪመጣ ጥያቄውን ይዞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከንቲባ ደብላዚዮ ዒዶቹን በትምህርት ካላንደሩ አስገቡ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን ትምህርት ቤቶቹ ለዒድ አል አድሓ ተዘጉ።

ያን ቀን ጃክሰን ወንበሩ ላይ አልነበረም። የምክር ቤት ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ2013 አብቅቶ ነበር። በዚያው ዓመት ለማንሃተን አስተዳዳሪነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ለግዛቱ ሴኔትም በ2014ና በ2016 ተሸነፈ። በ2018 ደግሞ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ የኒውዮርክ ግዛት ሴኔት የመጀመሪያው ሙስሊም አባልም ሆነ።