ከምርመራ ለወደቀ ኮርማ ማን ይክፈል?

ከቦረና የተነሣ ኮርማ አዳማ እስኪደርስ የብዙ ሰው እጅ ያልፍበታል። አርቢው ሸጦታል፤ ደላላው አስማምቶበታል፤ ነጋዴው ጭኖ አምጥቶታል፤ አድላቢው ደግሞ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የወንጂ ሞላሰስ እያበላ ሦስት ወር ያህል አቆይቶታል። ወደ ጅቡቲ ከመጫኑ በፊት የሚቀረው የኳራንቲን ሐኪም ደሙን ወስዶ የሚሰጠው ውጤት ነው። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ሁሉም ሒሳቡን ይዘጋል። መጥፎ ከሆነ ግን አርቢው፣ ደላላውና ነጋዴው ድርሻቸውን ወስደው ስለሄዱ ኪሳራው የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ያ ሰው ውጤቱ በወጣበት ሰዓት የከብቱን ገመድ የያዘው ነው።

የወደቀው ኮርማስ ወዴት ይሄዳል? የአዳማ፣ የሞጆና የመቂ ነጋዴ መልሱን አያጣውም። ውጭ አገር ያልተቀበለው ከብት ብዙ ጊዜ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ይመለሳል። ከፊሉ ቄራ ይገባል፤ ከፊሉ እንደገና ተሽጦ ሌላ በረት ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በነጋዴው ክፋት አይደለም። ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ስለሚገፋው ነው።

ለስሌት እንዲመች ኮርማው 100 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። ባለቤቱ በሽታውን አሳውቆ ከብቱ ተነጥሎ ቢታረድና ሐኪም ካሳለፈው ሥጋ 40 ሺህ ብር ቢያገኝ 60 ሺህ ብር ከሰረ ማለት ነው። ዝም ብሎ ለአገር ውስጥ ነጋዴ በ85 ሺህ ቢሸጠው ግን ኪሳራው 15 ሺህ ብር ብቻ ነው። ስለዚህ እውነቱን መናገር በአንድ ከብት 45 ሺህ ብር ያስከፍላል። መቶ ኮርማ ያሰረ አድላቢ ይህን ሊችለው ይችል ይሆናል። ከአንድ ጥማድ በሬ በላይ የሌለው ገበሬ ግን ከየት ያመጣዋል?

ጉዳዩ ተራ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአዳማና በአካባቢው ባሉ የኤክስፖርት ኳራንቲኖች ከተመረመሩት ኮርማዎች ውስጥ ከመቶ 4 ያህሉ ለከብት ሳምባ በሽታ መጋለጣቸውን በደም ምርመራ አረጋግጧል። ከመቶ 4 ትንሽ ይመስላል። ሳምባ በሽታ ግን በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። ማድለቢያ በረት ውስጥ ደግሞ ከብት ከከብት ትከሻ ለትከሻ ነው የሚያድረው። በላዩም የዳነ የሚመስል ከብት በሽታውን በሳምባው ቋጥሮ ለወራት ሊዞር ይችላል። አንዱ የደበቀው ከብት ለጎረቤቱ በረት ዕዳ ነው።

ዕዳው ከጎረቤት በረትም አልፎ ይሄዳል። በ1990 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጣ የቁም ከብት በሯን ዘግታለች። በሁለተኛው ጊዜ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተከትለዋታል። በሩ ሲዘጋ የታመመና ያልታመመ አልተለየም። ውጭ ያለ ገዢ የሚዘጋው በአንድ ባለቤት ላይ ሳይሆን በአገር ላይ ነው። እንግዲህ ጉዳቱ የሁሉም ከሆነ ጉዳቱን ለመከላከል የሚወገደው ከብት ዋጋ የአንድ ሰው ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይገኝም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ ጋር አይጣላም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት ሊወስድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ መሆኑን ይደነግጋል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ እንዴት እንደሚሰላ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አስቀምጧል። በዚህ መሠረት ለቤቱም ለቋሚ ተክሉም ይሰላል። በረት ውስጥ ያለ ከብት ለሕዝብ ጤናና ለአገር ገበያ ሲባል ሲወገድስ? የእንስሳት በሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267 በ1994 ዓ.ም. ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዳማ ገበያ ላይ ግን የካሳ ዋጋ ዝርዝር ተለጥፎ ያየ ነጋዴ አይገኝም።

ሌላው ዓለም መንገዱን ሄዶበታል። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1995 ንጋሚላንድ በተባለው አውራጃዋ ሳምባ በሽታ ሲገባባት አጥር አጠረች፤ ክትባትም ሞከረች። አልሆነም። በ1996 በአውራጃው የነበሩትን 320 ሺህ ያህል ከብቶች በሙሉ አስወገደች። ባለቤቶቹ በገንዘብና በምትክ ከብት ተካሱ። አገሪቱም ወደ አውሮፓ የምትልከውን የሥጋ ንግድ አተረፈች። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አፍተ እግር ሲነሣባት ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አስወግዳ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ከፍላለች። እነዚህ መንግሥታት የከፈሉት ለጋሽ ሆነው አይደለም። ካሳ ከሌለ ገበሬው ሌሊት ከብቱን ነድቶ እንደሚያሸሽ ስለገባቸው ነው።

ይህ ሲባል ኢትዮጵያ እንደ ቦትስዋና በጅምላ ትረድ ማለት አይደለም። ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ባለበት አገር ይህ የማይታሰብ ነው። የራሳችን ታሪክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ ክፉ ቀንን አምጥቷል። በመጨረሻ የተሸነፈው ግን በቢላዋ ሳይሆን በክትባት ነው። ሙቀት የሚችል ክትባት እስከ አፋር በረሃ ድረስ ዘልቆ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተመሰከረላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ስለዚህ አስተማማኝ ክትባት ባለበት ክትባት ይቅደም። ማስወገድ የሚያስፈልገው ከብት እየተመረጠ፣ ኤክስፖርት በሚዘጋጅባቸው በረቶችና በወተት እርባታዎች ነው።

የወተቱ ጉዳይ ለከተማ ባለሀብት ይበልጥ ይቀርባል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የውጭ ዝርያ ላሞች በሚረቡባቸው በረቶች የከብት ነቀርሳ በብዛት እንደሚገኝ ተደጋግሞ ተጠንቷል። በሆለታ አንድ የወተት ላሞች መንጋ በ1994 ዓ.ም. ሲመረመር ከመቶ 48 ያህሉ ነቀርሳ ታይቶባቸው ነበር። እየመረመሩ የተያዙትን ከጤነኞቹ በመለየት ቁጥሩን ወደ 1 በመቶ ማውረድ ተችሏል። መለየት ግን ሰፊ ቦታና ተጨማሪ በረት ይጠይቃል። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ውስጥ በግቢው አምስት ላም ያሰረ ሰው ሁለቱን የት ይለያቸው? ካሳ የማያገኝ ከሆነ የሚለያቸው ወደ ገበያ ነው።

በካሳ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሚዛን የሚደፉም ናቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ከላይ ወደተጀመረው ስሌት እንመለስ። ከመቶ ኮርማ 4 ቢወገዱና ለእያንዳንዱ የዋጋውን 80 በመቶ፣ ማለትም 80 ሺህ ብር ቢከፈል ወጪው 320 ሺህ ብር ነው። ሥጋው በሐኪም ታይቶ ሲሸጥ ለእያንዳንዱ 40 ሺህ ቢገኝ 160 ሺህ ብር ይመለሳል። የሚቀረው 160 ሺህ ለመቶው ኮርማ ሲካፈል በአንዱ 1 ሺህ 600 ብር ይደርሳል። ይህ ከዋጋው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ላኪው ለጭነትና ለመኖ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጥ አይደለም። መንግሥት ግማሹን ቢሸከም ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል።

በዚህ ስሌት አሳውቆ ካሳ የሚቀበል ባለቤት 20 ሺህ ይከስራል፤ ደብቆ የሚሸጥ 15 ሺህ ይከስራል። ልዩነቱ ከ45 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ወረደ ማለት ነው። በ5 ሺህ ብር ፈቃዱን ለአደጋ የሚያጋልጥ ላኪ ብዙ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ካሳ አለ ከተባለ የታመመ ከብት በርካሽ እየገዙ የሚያስገቡ አይጠፉም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ካሳውን ማስቀረት ሳይሆን ሕግ ማበጀት ነው። ካሳው ከገበያ ዋጋ በታች ይሁን። የወፍ ጉንፋን በተስፋፋበት ጊዜ የዓለም ባንክና አጋሮቹ ከ75 እስከ 90 በመቶ ያለውን መጠን መክረዋል። በረት ሲገባ ተመርምሮ ያልተመዘገበ ከብት አይካስ። በሽታ ደብቆ የተገኘም ካሳውን ይጣ። በደም ምርመራ የተያዘ ሁሉ ታማሚ ስላልሆነም ከመታረዱ በፊት ውጤቱ በሁለተኛ ምርመራ ይረጋገጥ።

ሦስተኛው ቢሮክራሲ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚከፈል ካሳ፣ ዋጋ በየሳምንቱ በሚንቀሳቀስበት ገበያ፣ ካሳ አይባልም። ስለዚህ ፈንዱ ከላኪዎችና ከአድላቢዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ተቋቁሞ በባንክ ይቀመጥ። ዋጋው በየሳምንቱ ከአዳማ ገበያ ተወስዶ በግልጽ ይለጠፍ። ክፍያው ከብቱ በተወገደ በቀናት ውስጥ ይፈጸም። ገማቹ የእንስሳት ሐኪም፣ የነጋዴዎች ተወካይና የአካባቢ አስተዳደር ሰው በጋራ ይሁኑ፤ አንዱ ብቻውን ከሆነ እጅ መንሻ ይከተላል።

ከሁሉም በላይ ግን ካሳው አዳማ ላይ ብቻ እንዳይቀር ያስፈልጋል። የወደቀው ኮርማ የጆሮ ምልክቱ ወደ መጣበት መንጋ ይመራል። ሐኪሙ ያንን ተከትሎ ቦረና ሲደርስ አርቢው የሚጠብቀው ኪሳራ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ከብት ያለ ምልክት ይመጣል፤ ደላላውም ከየት እንደገዛው ይረሳል። የአድላቢው ኪሳራ ተክሶ የአርቢው ከተተወ በሽታው ከምንጩ አይነካም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አዳማ ገበያ ላይ ግን በሽታውን የደበቀ እስከ ዛሬ 45 ሺህ ብር ሲያተርፍ ኖሯል። ይህ ሒሳብ ሳይለወጥ አዋጅ ቢደራረብ፣ ኳራንቲንም ቢበዛ ኮርማው በጓሮ በር መውጣቱን አይተውም።